ልቤን ለማየት እስከ ቡራዩ

ሰበታ ውስጥ ስለ ደም ግፊት ከእኔ የበለጠ ምክር የሰጠ ሰው ያለ አይመስለኝም። ነርስ ከሆንኩ አሥራ አምስት ዓመቴ ነው። ዘጠኙን ዓመት ያሳለፍኩት በጤና ጣቢያው የክትትል ክፍል፣ ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ግፊትና ስኳር ያለባቸውን ሰዎች እየተቀበልኩ ነው። ጨው ቀንሱ እላለሁ። በእግራችሁ ሂዱ እላለሁ። ኪኒናችሁን ራሳችሁን ሲያማችሁ ብቻ አትዋጡ፣ ግፊት ሳያም ነው የሚጥለው እላለሁ። ይህን የመጨረሻውን ስናገር ድምፄን ዝቅ አድርጌ የሰውየውን ዓይን ትንሽ የማየት ልማድ ነበረኝ። አንዳንዶቹ ይደነግጡልኛል። ሲደነግጡልኝ ሥራዬን በደንብ የሠራሁ ይመስለኝ ነበር።

በሽተኛው ሲወጣ የጠረጴዛዬን መሳቢያ እከፍትና ጨው የተነሰነሰበት ለውዜን እዘግናለሁ። በእግር መሄዱንም ቢሆን ለሌላ ሰው እንጂ ለራሴ አላዘዝኩትም። ቤታችን ፉሪ ዳገቱ ላይ ነው፤ ከአስፋልቱ እስከ በራችን የሚያደርሰኝ ባጃጅ ነው፣ ያውም ባጃጁ ራሱ እያቃሰተ።

ራሴ ለመጨረሻ ጊዜ ግፊቴን የተለካሁት መቼ እንደሆነ ብትጠይቁኝ፣ ትንሿን ልጄን አርግዤ ሳለሁ ነው። ልጅቷ ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ናት።

ከክትትል ሰዎቼ መካከል ከተፍኪ የሚመጡ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ነበሩ። ካርዳቸውን በፌስታል ጠቅልለው፣ ፌስታሉን በጨርቅ አስረው፣ ጨርቁን በኮታቸው የውስጥ ኪስ ይዘው ይመጣሉ፤ ካርዱ ተፈትቶ እስኪወጣ ሌላ ሁለት ሰው መለካት ይቻላል። ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ኦቦ ይሏቸዋል፣ እኔ አባባ እላቸዋለሁ። እሳቸው ሲስተር ይሉኛል፤ ደስ ባላቸው ቀን ደግሞ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ። ደስ የሚላቸው ቀን ብዙ አልነበረም፤ በመጡ ቁጥር እቆጣቸዋለሁና።

አንድ ማክሰኞ ግፊታቸው መቶ ሰባ ገባ። እኔም ስብከቴን ጀመርኩ።

«አባባ፣ ኪኒኑን ይውጣሉ?»

«አንድ ቀን አልዘለልኩም።»

«ታዲያ ለምን አልወረደም? ቡናውን አሁንም በጨው ነው የሚጠጡት?»

«ቡና ያለ ጨው ምኑ ቡና ነው?» አሉ፤ አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ሰዎችም ሳቁ።

ሰው ሲስቅብኝ አልወድም። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ዓይናቸውን አየት አድርጌ፣ ሳያም ነው የሚጥለው አልኳቸው። እሳቸው ግን አልደነገጡም። እጃቸውን ከመለኪያው ጨርቅ ቀስ ብለው አወጡና፣

«ሲስተር፣ አንቺንስ ማን ይለካሻል?» አሉኝ።

«እኔ ደህና ነኝ አባባ።»

«እኔም መጀመሪያ የመጣሁ ቀን ደህና ነኝ ብዬሽ ነበር። ምን አልሽኝ? ደህና ነኝ የሚል ሰው ነው የሚወድቀው አልሽኝ። እውነት አልሽ ውሸት?»

አግዳሚው በሙሉ እውነት ነው አለ። አንዲት ወፍራም ሴትዮ እንዲያውም «እኔንም ብላኛለች» ብላ መሰከረች።

«ስለዚህ አንቺ ዛሬ ከተለካሽ እኔ ጨው እተዋለሁ። ካልተለካሽ አልተውም። ሰዎቹ ምስክር ናቸው።»

መልካም፣ ማስተማሪያ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ነርሷ ራሷ ተለክታ መቶ አሥራ አምስት በሰባ አምስት ስትሆን ሕዝቡ ያያል፣ ምክሬም ክብደት ያገኛል። የጋዋኔን እጅጌ ሰበሰብኩ፣ ጨርቁን ክንዴ ላይ ጠመጠምኩ፣ ቁልፉን ተጫንኩ። ማሽኑ ጉርርር ብሎ ነፋ፣ ተነፈሰ። መቶ ስልሳ አራት በመቶ ሁለት።

«መሣሪያው ነው» አልኩ።

የመሣሪያው ጥፋት መሆኑን ማንም አላመነም። ከአምስት ደቂቃ በፊት እዚያው መሣሪያ ላይ ሽማግሌው መቶ ሰባ ሲያወጡ የእሳቸው ጥፋት ነበር። ከጎረቤት ክፍል የሥራ ባልደረባዬን ጠርቼ በጆሮ ማዳመጫው በእጅ እንድትለካኝ አደረግኩ። ሁለት ጊዜ ለካችኝ። ሦስተኛ ጊዜ ልትነፋ ስትል «ተይው በቃ» አልኳት። መቶ ስልሳ በመቶ።

«እየሮጥኩ ስለመጣሁ ነው» አልኩ። ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ወንበሩ ላይ ነበርኩ፤ ሁሉም አይተውኛል።

ሽማግሌው ካርዳቸውን በፌስታል፣ ፌስታሉን በጨርቅ መልሰው አሰሩ። ሲወጡ በሩ ላይ ቆም አሉና «ሲስተር፣ እኔ ጨው ትቻለሁ» አሉኝ። እንደ ማሾፍ እንኳን አላሉትም። ቢያሾፉብኝ ይሻለኝ ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት ከበሽተኞቼ ለዓመታት ስሰማቸው የኖርኩትን ሰበቦች በሙሉ አንድ በአንድ ተጠቀምኩባቸው። እንቅልፍ አጥቼ ነው። ተናድጄ ነው። ወር አበባዬ ሊመጣ ነው። የፉሪ ንፋስ ነው። በየቀኑ በምሳ ሰዓት መድኃኒት ማከማቻው ክፍል ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ በካርቶኖች መካከል ቁጭ ብዬ ራሴን እለካ ነበር። መቶ ሃምሳ ስምንት። መቶ ስልሳ ሁለት። አንድ ቀን መቶ አርባ ዘጠኝ ሆነልኝና ድኛለሁ ብዬ ከሰዓት በኋላውን በሙሉ እያንጎራጎርኩ ሠራሁ። ሌላ ሰው መቶ አርባ ዘጠኝ ይዞ ቢመጣ ኖሮ ግማሽ ሰዓት እቆጣው ነበር።

እናቴ ሱሉልታ እህል ትነግድ ነበር። እዚያው ሱቋ ውስጥ፣ ጆንያ ላይ እንደተቀመጠች፣ ደንበኛ እያነጋገረች ምላሷ ተሳሰረ። በሦስተኛው ቀን አረፈች። ግፊት አለባት ተብሎ ሲነገራት «ነጭ ሽንኩርት እበላለሁ፣ ምንም አልሆንም» ትል ነበር። እኔ ያኔ የነርስነት ተማሪ ነበርኩ። የሌላውን ሰው እናት ሁሉ ግፊት እየለካሁ እለማመድ ነበር፤ የእሷን አንድ ቀን ለክቼላት አላውቅም። ይህን ነገር ለማንም አላወራውም። በዚያ ሳምንት ግን ማከማቻ ክፍሉ ውስጥ ጨርቁ ክንዴን ጠበቅ ባደረገኝ ቁጥር ትመጣብኝ ነበር።

በመጨረሻ ያወቀብኝ ሄልዝ ኦፊሰራችን ነው። አለቃዬ ነው፣ በዕድሜ ግን በአሥር ዓመት ያንሰኛል፤ መርፌ መውጋት የተለማመደው በእኔ ክንድ ላይ ነው። ባልደረባዬ ነግራው ኖሮ አንድ ቀን በሩን ዘግቶ አስቀመጠኝ። ራሱ ለካኝ፣ የልብ ምት የሚያነሣውን ኢሲጂ አስነሣኝ፣ ደምና ሽንት አስመረመረኝ።

«ይኸው ኢሲጂው ንጹህ ነው» አልኩት በድል።

«ንጹህ ነው። ልብሽ አልተነካም ማለት ግን አይደለም። ግፊት ሲጀምር ልብ ላይ የሚያደርሰውን ኢሲጂ ብዙ ጊዜ አያየውም። ኢኮ ነው የሚያየው። የልብ አልትራሳውንድ ትነሻለሽ።»

«እኔ እኮ ለእርጉዝ ነው አልትራሳውንድ የማውቀው።»

«ሲስተር፣ ይህን ቀልድ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ሪፈር እጽፍልሻለሁ። ኪኒኑን ግን ውጤት ሳትጠብቂ ከዛሬ ትጀምሪያለሽ።»

ኪኒኑን ተቀብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ቦርሳዬ ግፊት ካለበት በዚያ ሳምንት ሳይሻለው አልቀረም። እኔ ግን አንድም አልዋጥኩም፤ ኢኮው ደህና ከሆነ ምን አስዋጠኝ?

የልብ ሐኪም ቅዳሜ ቅዳሜ የምትመጣበት ቦታ ቡራዩ እንዳለ አውቅ ነበር፤ ሰዎች የምልከው ወደዚያ ነው። ቡራዩን የመረጥኩት ግን ለሐኪሟ ብዬ አይደለም። ሰበታ አካባቢ ወረፋ ይዤ የሚያየኝ ሰው ቢኖር፣ ጠዋት የልብ በሽተኛ ሆኜ ከሰዓት በኋላ ኩላሊቴም ጠፍቶ፣ ለማታ ቤቴ ድንኳን ሊተከል ይችላል። ቡራዩ የሚያውቀኝ የለም።

ለባሌ ክርስትና ተጠርቻለሁ አልኩት። ባሌ የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ መምህር ነው፤ ማንኛውንም ነገር ሳያብራራ አይተውም፣ ሳይጠይቅም አይተውም።

«የማን ልጅ ክርስትና?»

«የሥራ ባልደረባዬ።»

«ወንድ ነው ሴት?»

«ሴት።»

«እንኳን ማርያም ማረችሽ በይልኝ» አለኝ።

ውሸት ከጀመሩ ልብስም ያስፈልገዋል። ለክርስትና በሱሪ አይኬድም። ስለዚህ በሐምሌ ጭቃ፣ ነጭ የሀበሻ ቀሚሴን ለብሼ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ከፉሪ አየር ጤና፣ ከአየር ጤና ጦር ኃይሎች፣ ከዚያ አስኮ፣ ከአስኮ ቡራዩ፣ አራት ታክሲ ቀያይሬ፣ ቀሚሴን በሁለት እጄ ሰብስቤ ሕክምናው ቦታ ገባሁ። ካርድና ተራ ቁጥር ወስጄ የጫማዬን ጭቃ ልጠርግ ደጅ ወጣሁ፤ ስመለስ ስድስት ሰዎች ይጠብቃሉ። ነጭ የለበስኩት እኔ ብቻ ነኝ።

«ሲስተር! አከም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ! ሰርግ አለ እንዴ?»

ሽማግሌው ነበሩ። ከጎናቸው ቡራዩ ያገባች ልጃቸው አለች። የላክኋቸው እኔ ነኝ። ከወር በፊት በገዛ እጄ ሪፈር ጽፌ፣ «ልብዎ መታየት አለበት፣ ሐኪሟ ቅዳሜ ናት የምትመጣው፣ እንዳይቀሩ» ብዬ ጣቴን ቀስሬ አስጠንቅቄያቸዋለሁ። እሳቸው አልቀሩም። እኔ ረስቼዋለሁ።

«አይ… ሥራ ነው አባባ» አልኩ። «እንዲያው… የላክናቸው ሰዎች እንዴት እንደሆኑ ለማየት ብዬ።»

ሽማግሌው አፋቸውን ከፍተው አዩኝ። ከዚያ ወደ ልጃቸው፣ ከልጃቸው ወደ ተራ ጠባቂዎቹ ዞሩና በኦሮምኛ ማብራራት ጀመሩ። ሲስተር ከሰበታ ድረስ፣ በዚህ ዝናብ፣ በዕረፍት ቀኗ፣ እሳቸውን ልትከታተል እንደመጣች። ሰዎቹ ምላሳቸውን እየመጠጡ አደነቁ። አንዷ ተነሥታ ወንበር ለቀቀችልኝ። ልጃቸው «ገለቶማ፣ እግዜር ይስጥልን» ብላ እጄን በሁለት እጇ ያዘች። እንደዚያ ቀን ተመስግኜ አላውቅም።

ምስጋናዬን ተቀብዬ ሳልጨርስ በሩ ተከፈተና የካርድ ሠራተኛዋ ወጣች። «ኢኮ፣ ተራ ቁጥር ሦስት!»

ሦስት እኔ ነበርኩ። ካርዱ እጄ ላይ ነው፤ ቁጥሩም ከሩቅ በሚነበብ ቀይ እስክሪብቶ ተጽፎበታል። አልተነሣሁም። «ሦስት የለም? አራት!» አለች። ሽማግሌው አራት ቁጥራቸውን ይዘው ሊነሡ ሲሉ ካርዴን አዩት። ቁጥሩን አዩ። ቀና ብለው እኔን አዩኝ። ነጩን ቀሚስ አዩት።

አሁን ይናገራሉ ብዬ ጠበቅኩ። ያን ሁሉ ምስጋና ከሰጡኝ ሰዎች ፊት መልሰው ይቀበሉኛል ብዬ ጠበቅኩ። ይገባቸውም ነበር።

«ግቢ እንጂ ኢንተላ ኮ» አሉ ጮክ ብለው። ከዚያም ለሰዎቹ፣ «ቀድማ ገብታ መሣሪያውን ልታይልኝ ነው» አሏቸው።

ገባሁ። ፊቴ ይነድ ነበር።

ሐኪሟ በእኔ ዕድሜ ያለች፣ ቃል የምትቆጥብ ሴት ናት። «ከወገብ በላይ አውልቂ» አለችኝ። የሀበሻ ቀሚስ ከወገብ በላይ የሚባል ነገር የለውም። ሙሉውን አውልቄ በአንሶላ ተጠቅልዬ በግራ ጎኔ ተኛሁ፤ ግራ እጄን ከራሴ ሥር አደረግኩ። ክፍሉ ጨለም ያለ ነው። ደረቴ ላይ ሦስት ቦታ ገመድ ለጠፈችብኝ፣ ቀዝቃዛ ጄል ደፋችብኝ፣ መሣሪያውን የጎድን አጥንቶቼ መካከል ጫን አድርጋ ያዘች።

«ነርስ ነኝ» አልኳት። መንገሩ የሚጠቅም መስሎኝ ነው።

«ጥሩ። ትንፋሽሽን አውጪና ያዢ።»

ስክሪኑ ወደ እኔ በኩል ትንሽ ዘወር ያለ ነበር። ጥቁርና ነጭ ነው፤ መጀመሪያ ጉም ብቻ ነው የታየኝ። ቆይቶ ጉሙ ውስጥ አንድ ነገር ሲከፈትና ሲዘጋ አየሁ። ቀጭን ነገር ነው፣ እንደ ቅጠል ይርገበገባል። ያ የልቤ በር ነው። አንድ ቁልፍ ስትጫን ደግሞ ድምፁ መጣ፤ ሹዋ፣ ሹዋ፣ ሹዋ። ልቤ እንደሚመታ አውቅ ነበር። እንደዚያ ሲለፋ ግን አይቼው አላውቅም። ማንም ሳያዘው፣ ማንም ሳያመሰግነው፣ እኔ ለውዝ ስዘግንም ባጃጅ ላይ ስቀመጥም እንደዚህ ሲለፋ ኖሯል።

ሐኪሟ እያቆመች ትለካለች፣ ነጥብ ታደርጋለች፣ መስመር ታሰምራለች። ብዙ ከቆየች በኋላ፣

«የመግፋት አቅሙ ጥሩ ነው» አለች። «ስልሳ ሁለት ከመቶ። እንደ ማንኛውም ጤነኛ ሰው።»

«አላልኩም!»

«አልጨረስኩም። ይኼ የግራው ክፍል ግድግዳ ነው። ትንሽ ወፍሯል።»

«ጡንቻ ሲወፍር ጠነከረ ማለት አይደለም?» አልኳት። የአሥራ አምስት ዓመት ነርስ ይህን ጠየቀች።

ሐኪሟ ከስክሪኑ ዞር ብላ አየችኝ። «ክንድሽ ቢሆን ጥሩ ነበር» አለች። «ልብ የሚወፍረው ከግፊቱ ጋር ሲታገል ነው። አሁን ደግሞ እነዚህን ሁለት ጫፎች ተመልከቺ። ልብ የሚጨመቅበት ጊዜ አለ፣ ላላ ብሎ ደም የሚቀበልበት ጊዜ አለ። ሁለቱም ጫፎች ደሙ ሲገባ የሚወጡ ናቸው፤ የመጀመሪያው ነበር ረጅም መሆን ያለበት፤ ያንቺ አጥሯል። ሲጨመቅ ደህና ነው፤ ሲላላ ነው የሚዘገየው። መሥራት አልተቸገረም፣ ማረፍ ነው የቸገረው። በአርባ አንድ ዓመት ይህን ማየት አልነበረብኝም።»

«እኔ ግን ምንም አላመመኝም።»

«አያምማ። ለዚህ ነው የምናየው። በመግፋት አቅሙ ብቻ ብንፈርድ ደህና ነሽ ብዬ እልክሽ ነበር።»

«ከጀመረው ስንት ጊዜ ሆኖታል?»

«እሱን መሣሪያው አይናገርም። የአንድ ቀን ሥራ ግን አይደለም።»

«ይመለሳል?»

«ገና ነው፣ ሊመለስ ይችላል። ግፊቱ ከወረደለት። ኪኒን ትወስጃለሽ?»

«አዎ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከ… ነገ» አልኩ።

አልሳቀችም። ወረቀቷ ላይ አንድ ነገር ጻፈች። ጄሉን መጥረጊያ ሶፍት ሰጠችኝና ሌላ ሰው እንዲገባ ደወለች። ሶፍቱን ይዤ አልጋው ላይ ትንሽ ቁጭ አልኩ። እናቴ እንደዚህ ያለ ክፍል ውስጥ ተኝታ አታውቅም። ብትተኛ ኖሮ ምን ይታይ እንደነበር አሁን አውቃለሁ፤ ከዚህ የከፋ ነገር፣ ከዓመታት በፊት የጀመረ፣ ሳያማት። ልብሴን የለበስኩት እያለቀስኩ ነው። የሀበሻ ቀሚስ እያለቀሱ ለመልበስ አይመችም፤ ዚፑ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ።

ሽማግሌው ቀጥለው ገቡ። ከልጃቸው ጋር ደጅ ጠበቅኳቸው፤ «ልከታተላቸው» መጥቼ የለ? ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደረታቸውን ነፍተው ወጡ።

«የጎረምሳ ልብ ነው ያለህ አለችኝ።»

«አላለችም አባዬ» አለች ልጃቸው፤ አብራ ገብታ ነበር። «ግድግዳው ወፍሯል፣ ግን ለዕድሜዎ መጥፎ አይደለም፣ ኪኒኑን እንዳያቆሙ ነው ያለችው።»

«ያው ነው» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና ድምፃቸውን ቀነሱ። «ያንቺስ?»

እውነቱን ለመጀመሪያ ጊዜ የነገርኩት ለእሳቸው ነው። «እኔም ወፍሯል አባባ። ሲላላም ይዘገያል።»

«ኦኔ…» አሉ፤ ልብ ማለታቸው ነው። «ደክሟል ማለት ነው?»

«አልደከመም። እንዲህ ከቀጠልኩ ግን ይደክማል።»

«ኪኒንሽ የት አለ?»

«ቦርሳዬ ውስጥ።»

«ስንት ዋጥሽ?»

ያልተነካውን የኪኒን ላስቲክ አውጥቼ አሳየኋቸው። ሽማግሌው ሳቅ እንኳን አልመጣባቸውም። ልጃቸውን ውኃ አስመጡ፤ ላስቲኩን ራሳቸው ከፍተው ሰጡኝ። ነጭ ቀሚሴን ለብሼ፣ የቡራዩ ጭቃ እስከ ጉልበቴ ተረጭቶብኝ፣ በሕክምናው በር ላይ የመጀመሪያዋን ኪኒን ዋጥኩ። እስክውጣት ድረስ ጉሮሮዬን ነው ያዩት፤ እኔ የሳንባ በሽተኞቻችንን መድኃኒት ሲውጡ እንደማይ።

«ነገም» አሉኝ።

«ነገም» አልኳቸው።

ቤት ስደርስ ባሌ ሳሎን የተማሪ ፈተና ያርማል። ለሐምሌ ማጠናከሪያ የሚያስተምራቸው አሉ። ቀና ብሎ ጭቃውን፣ ከዚያ የቀሚሴን አንገት አየ። ጄሉ በደንብ ሳይጠረግ ቀርቶ ጥለቱ ላይ ደርቋል። ጠጋ ብሎ በጣቱ ነካው።

«የዛሬ ልጆች ጠበል ያጣብቃል እንዴ?»

ነገርኩት። ከማክሰኞው አግዳሚ እስከ ቡራዩ አልጋ፣ ሁሉንም። እሱም እንደፈራሁት ጀመረ። «ግፊት ማለት እንግዲህ ኃይል ለስፋት ሲካፈል ነው። የደም ሥርሽ ሲጠብ…» አለና መሐል ላይ ቆመ። እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ለእኔ ለምን አልነገርሽኝም?»

እንዳትሰጋ ብዬ ነው ማለት እችል ነበር፤ ውሸት ነው። ነርስ ታምማ መታየት አሳፍሮኝ ነው። ለራሴ እንኳን ያልነገርኩትን ለእሱ እንዴት ልንገረው? ነጠላዬን አጣጠፍኩ። እሱ ተነሥቶ ወጥ ቤት ገባና የጨው ዕቃውን ከመደርደሪያው ላይኛው ጫፍ፣ እኔ የማልደርስበት ቦታ ሰቀለው። ቁመቱ ረጅም ነው፤ በዚያ ረገድ ፊዚክሱ ጠቅሞናል።

ለአንድ ወር ቤታችን የተበላውን ምግብ ለጠላቴም አልመኝም። ፍቅሩን የገለጸልኝ ወጥ ውስጥ ምንም ባለመጨመር ነው። ጨዋታውን ያስቆመችው ልጄ ናት። አንድ ቀን ሽሮውን ቀምሳ «እማዬ ናት የታመመችው ወይስ እኛ?» ብላ ጠየቀች። ከዚያ በኋላ ሁሉም ሰው የሚበላው፣ ትንሽ ጨው ያለው፣ ትንሽ የሚጣፍጥ ምግብ ላይ ተስማማን። ከአስፋልቱ እስከ ቤት በእግሬ መሄድ ጀመርኩ። ባጃጅ ነጂዎቹ መጀመሪያ የተጣላሁ መስሏቸው ይቅርታ ይጠይቁኝ ነበር።

ክትትል ክፍሉ ውስጥ የተለወጠው ትንሽ ነገር ነው። ቁጣዬ ቀንሷል። አንድ ሰው ኪኒኑን ዘልያለሁ ሲለኝ ለምን እንደዘለለ እጠይቀዋለሁ፤ መልሱንም እስኪጨርስ እሰማለሁ፤ ብዙዎቹን መልሶች ከራሴ ነው የማውቃቸው። የተፍኪው ሽማግሌ ግን በእኔ ላይ አልለዘቡም። በቀጠሯቸው ቀን ካርዳቸውን ከመፍታታቸው በፊት ከአግዳሚው ፊት «ሲስተር፣ ዋጥሽ?» ይሉኛል። «ውጫለሁ አባባ» እላለሁ። «ስንት ነው?» ይላሉ። ቁጥሬን እነግራቸዋለሁ። ከዚያ ነው ክንዳቸውን የሚሰጡኝ። የእሳቸው መቶ ሠላሳ ስምንት በሆነ ቀን የእኔ መቶ አርባ ሁለት ነበር፤ እስከሚቀጥለው ቀጠሮ ኮሩብኝ።

ዓመት አለፍ ሲል፣ መስከረም መግቢያ ላይ፣ ለሁለተኛው ኢኮ ቡራዩ ሄድኩ። በዚህኛው ጊዜ ባሌ አብሮኝ መጣ፤ እኔም ከላይና ከታች የተለያየ ልብስ ለበስኩ። ሐኪሟ አላወቀችኝም። ስንቱን ደረት ታስታውሰው? ለካች፣ አቆመች፣ መስመር አሰመረች። የድሮውን ወረቀቴን ከአዲሱ ጎን ዘርግታ ብዙ አየች። እኔ ግፊት መለኪያ ቢኖርብኝ ኖሮ በዚያች ደቂቃ ይፈነዳ ነበር።

«ግድግዳው እንዳለ ነው፣ አልጨመረም» አለች። «ሲላላ ግን ከመጀመሪያው ፈጥኗል። ጥሩ ነው።»

ሌላ ነገር ትላለች ብዬ ጠበቅኩ። አንድ ዓመት ሙሉ ኪኒን ውጬ፣ ዳገት ወጥቼ፣ ያን ሽሮ በልቼ «ጥሩ ነው» ብቻ?

«ትንሽ ልየው?» አልኳት ስክሪኑን እያሳየሁ።

«ውጭ ሰው ይጠብቃል» አለች። እንዲህ ብትልም መሣሪያውን ከደረቴ ወዲያው አላነሣችም። ምናልባት ለእኔ ብላ ሳይሆን አንድ የቀረ ልኬት ኖሯት ይሆናል። ለማንኛውም እኔ አየሁ።

ስወጣ ዝናብ ጀምሯል። ባሌ ከበሩ ፊት ለፊት ከምትጠብስ ሴት ሁለት እሸት በቆሎ ገዝቶ፣ አንዱን ለእኔ በወረቀት ይዞ ቆሟል። አንደኛው ወገኑ አርሯል፣ ሌላው ገና ጥሬ ነው። ምን አለችሽ አለኝ፤ ነገርኩት። ስለ መላላትና ስለ መለጠጥ ሊያብራራልኝ አፉን ከፈተ፣ ትኩስ በቆሎ ስለነበረበት ግን አልቻለም። ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ቆመን በላን።